የሻምበል ስምንት ሳምንት

"እሱን መልሺው። እሱ በግ አይደለም።"

ሻጯ የውሻ ምግቡን ከረጢት ከፀጉር ሠሪዋ እጅ ወስዳ፣ ገልብጣ መለሰችላት። "ፊቱ ላይ በግ ስለሳሉበት ነው በግ የመሰለሽ። ጀርባውን አንብቢ። እዚህ ታች፣ ጉንዳን የምታክለዋን ጽሑፍ። ምን ትላለች?"

ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን አጥብባ ከረጢቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። "የዶሮ ስብ።"

"የዶሮ ስብ። እንግዲህ ውሻሽን የሚያሳክከው ዶሮ ከሆነ የበጉ ሥዕል ምን ይፈይድለታል?"

ቡናማው ውሻ ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ የፊት እግሩን ይልሳል። በጣቶቹ መሐል ያለው ቆዳ ቀልቶ ረጥቧል፤ በዙሪያው ያለው ፀጉር በምራቅ ብዛት የዛገ ብረት መስሏል። ሻጯ ጎንበስ ብላ እግሩን አነሳች፣ አገላብጣ አየች፣ መልሳ አስቀመጠች። ሥራዋ መዝኖ መሸጥ ነው፤ የውሻ እግር እንድታይ የቀጠራት የለም። ነገር ግን በዚህ ጠባብ የመኖ መደብር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቆማ የከረጢት ጀርባ ስታነብና የባለ ውሻ ሁሉ ብሶት ስትሰማ ሳታስበው አዋቂ ሆነች። የሰፈሩ ሰው "ዶክተር" ይላታል። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ በኋላ ሹፈቱ ተረሳና ስሙ ጸና። የእንስሳት ሐኪሙ ራሱ ሰው ሲበዛበት "ሂዱና የመኖ ቤቷን ሴትዮ ጠይቁ" እያለ ይልክላታል።

"እኔ እኮ እርስዎ ያሉኝን ነው ያደረግሁት፣ እትዬ ዶክተር" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "በልቶት የማያውቀውን አንድ ሥጋ ምረጪ አሉኝ፤ ዓሣ መረጥኩ። አንድ አትክልት አሉኝ፤ ድንች ያዝኩ። ጨው የለው፣ ዘይት የለው። አራት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ሌላ አልቀመሰም። ይኸው እግሩን ቆርጥሞ ሊጨርሰው ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ወደ ከረጢቱ የመጣሁት።"

"ከረጢቱ አያድንሽም። ምርጫሽ ልክ ነው። ቤታችሁ ውስጥ በድብቅ የሚያበላው ሰው አለ ማለት ነው።"

"ማንም የለም። በእናቴ እምላለሁ።"

"ተዪ፣ አትማዪ። እዚህ ቆሞ ያልማለ ሰው የለም፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ሰው አለ። አንዱ ባሏ ነው፣ አንዱ ዘበኛው ነው፣ አንዷ ራሷ ናት፣ 'ቁራጭ ዳቦ ምን አላት' ብላ። ሙከራው ስምንት ሳምንት ነው ካልኩሽ ስምንት ሳምንት ነው፤ አንዲት ፍርፋሪ ከገባች እንደገና ከአንድ ትቆጥሪያለሽ።"

"ታዲያ ማን እንደሆነ በምን ልወቅ?"

"አትጠይቂያቸው፤ ይዋሹሻል። ሳህናቸውን እዪ። ሳህኑ ከመጠን በላይ ጸድቶ የሚመለሰው ሰው፣ እሱ ነው ሌባሽ።"

ሻጯ ይህን ብልሃት ለስንቱ ነግራዋለች። ሁልጊዜ ያስቃል። ፀጉር ሠሪዋም ልትስቅ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

"አማቴ" አለች። "የባሌ አባት። ከታመሙ ወዲህ እህል አስጠልቷቸው ነበር። ከወር ወዲህ ሳህናቸውን ጥርግ አድርገው ሲመልሱ ደስታችንን ልነግርዎት አልችልም፤ 'የምግብ ፍላጎታቸው ተከፈተ' ብለን ለዘመድ አዝማድ ደውለናል። እሳቸው ናቸው። ውይ፣ እሳቸው ናቸው እኮ።"

"ይኸውልሽ" አለች ሻጯ፤ እጇ ግን ሚዛኑ ላይ ቀረ።

ፀጉር ሠሪዋ ውሻዋን እየጎተተች፣ ከአማቷ ጋር የምትገባውን ንግግር ከአሁኑ እየተለማመደች ወጣች። ሻጯ የገለበጠችላትን ከረጢት ወደ መደርደሪያው መለሰች። ከዚያ አውርዳ እንደገና መለሰችው። ቤቷ ውስጥ አንድ ውሻ አለ፤ ዓሣና ድንች ከጀመረ ዛሬ ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ሆዱ ሥር ፀጉር አልቀረውም። እንዲህ ሆኖ ለሰው እንዳይታይባት ወደ መደብሩ ማምጣት ትታለች፤ የዶክተሯ ውሻ ገጣባ ሆነ ቢባል ነገ ማን ይሰማታል? ቤቷ ውስጥ የታመሙ እናቷም አሉ። ሳህናቸው ጸድቶ ይመለሳል።

"አለቃ" አለች ወደ ጓዳው፣ የመደብሩ ባለቤት ማዳበሪያ ወደሚቆጥሩበት። "ዛሬ ለምሳ ትንሽ ቀደም ብዬ ልውጣ?"

"እናትሽ ባሰባቸው እንዴ?"

"የለም" አለች። "ደህና ናት። እየበላች ነው።"

ይህችን ቃል በቀን ስንቴ እንደምትላት ራሷም አታውቅም። እየበላች ነው። ለጎረቤት፣ ለወንድሟ፣ ለእናቷ ሐኪም። እናቷ ሆዳቸው ውስጥ ያደገው ነገር አይቆረጥም፣ አይወጣም ከተባለ ዓመት አልፎታል። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ወንድምና እህትን አስቀምጦ "እህል እስከወሰዱ ድረስ ቤታቸው ይሁኑ፤ የበሉ አይመስሉም፣ ይከሳሉ፣ በሽታው ነው፣ አትደንግጡ። መብላት ያቆሙ ቀን ግን አምጧቸው፣ በቱቦ እንመግባቸዋለን" አላቸው። እና ቱቦውን ሁሉም ያውቁታል። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ በአፍንጫቸው ገብቶ ሁለት ሳምንት ቆይቷል። እናትየዋ በእንቅልፍ ልባቸው እየነቀሉት ስላስቸገሩ እጃቸው ከአልጋው ብረት ጋር በፋሻ ታሰረ። ነርሷ ብቻዋን ስለነበረች የግራ እጃቸውን ያሰረችው ልጃቸው ናት። ቤት በገቡ ማግስት "ከእንግዲህ እሱን ነገር ከማየት መሞት ይሻለኛል" አሉ፤ ደግመው አላነሱትም።

ወንድሟ ጉዳዩን እንደ ውል ነው የያዘው። በልጅነቷ ደብተሯን እንደሚመረምር ሁሉ፣ ከሌላ ከተማ ሆኖ በየማታው ይደውላል፤ በላች ከተባለ እናቱ ቤታቸው ይቆያሉ፣ አልበላችም ከተባለ በማግስቱ መኪና ይዞ ይመጣል። እሷ እናቷ ከታመሙ ከአራት ዓመት ወዲህ ከእሳቸው ተለይታ አድራ አታውቅም። ከቤት መደብር ሰባት ደቂቃ፣ ከመደብር ቤት ሰባት ደቂቃ። ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ነው። ሊያገባት የነበረ ሰው፣ የወፍጮ ጥገና ባለሙያ፣ ሁለት ዓመት ጠብቋት ሌላ ከተማ ሥራ ሲያገኝ "ነይ" አላት፤ "አሁን አይሆንም" አለችው። ቂም ሳይይዝባት ሄደ። እንዲያውም ቂም ቢይዝባት ይሻላት ነበር።

ቤት ስትገባ ሻምበል ጭራውን እየቆላ ወጣ፤ በመሐል ቆም ብሎ ጎኑን በኋላ እግሩ አከከ። ማዕረጉን የሰጡት እናትየዋ ናቸው፤ ቡችላ ሳለ ደረቱን ነፍቶ በር ላይ ስለሚቆም። አሁን ደረቱ ላይም ፀጉር የለም፤ ሻምበልነቱ የጡረታ ነው። ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ጠዋት ዓሣ ነው የሰጠችው። የሸተታት ግን ዓሣ ብቻ አይደለም። እሱም እንደ አመሉ ፊቷን ላሳት።

የዶሮውን ሾርባ አሞቀች፣ ጨውና ካሮት ጨመረችበት፣ ጎድጎድ ያለውን ሳህን ሞልታ ወደ እናቷ ክፍል ገባች።

"ዛሬ ቀደምሽ" አሉ እናትየዋ ከትራሳቸው ቀና ሳይሉ።

"ገበያው ቀዝቀዝ ብሏል። ልደግፍሽ?"

"አስቀምጪልኝ። ቀስ ብዬ እበላዋለሁ። ቆመሽ ስታዪኝ አይወርድልኝም፣ ታውቂ የለ።"

ታውቃለች። ለዚህ ነው በየቀኑ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ የምትመለሰው፤ ማታ ስትገባ ባዶ ሆኖ የሚጠብቃት። ዛሬም "በይ ደህና ዋይ" አለች፣ የግቢውን በር ከፍታ እንዲሰማ አድርጋ ዘጋችው፤ ራሷ ግን ከውስጥ ቀረች። ጫማዋን አውልቃ፣ በእናቷ ክፍል መስኮት ፊት ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ቆማ ወደ ውስጥ አየች። በአርባ ስድስት ዓመቷ በባዶ እግሯ በገዛ ቤቷ ስትሰልል ጎረቤት ቢያያት ምን እንደምትል አላወቀችም።

እናቷ ተነስተው ተቀመጡ። ያለ ደጋፊ፣ በራሳቸው። ይህን ይችላሉ ብላ አስባ አታውቅም። ሳህኑን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ አንድ ማንኪያ ቀዱ፣ እፍ አሉበት፣ ከንፈራቸውን አስነኩት። ፊታቸው መራራ መድኃኒት እንደሰጡት ልጅ ተጨማደደ። በግድ ዋጡትና ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። ሁለተኛውን ቀዱ፣ አዩት፣ መለሱት። ከዚያ ሥጋውን በጣታቸው ከአጥንቱ ይለዩ ጀመር፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዲት ስንጥር እንዳትቀር በዓይናቸውም በጣታቸውም እየፈተሹ።

ሻምበል አልጋው ሥር ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። ከእሷ እጅ ሲሆን የሚመነትፍ ውሻ እዚህ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።

"ቀስ፣ ይፋጃል" አሉት እናትየዋ። "እንዲህ ነው ጨዋ። ብላልኝ። እኔማ አቃተኝ። እሷ ደግሞ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ የሠራችው ነው። ሙሉውን ሲመለስባት ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አይተኸዋል፤ ሰማይ የተደፋባት ነው የምትመስለው። ብላ የኔ ጌታ።"

ሥጋው አለቀ፣ ካሮቱ አለቀ። ሳህኑን ዝቅ አድርገው ያዙለት፤ ላሰው። አጥንቶቹን ሳህኑ ዳር ላይ ደርድረው ወደ ጠረጴዛው መለሱት። ልጅየዋ እነዚህን አጥንቶች ማታ ማታ ስታይ ስንት ጊዜ ለወንድሟ "አጥንቱን ሳይቀር ግጣ ነው የበላችው" ብላ እንደነገረችው አስታወሰች። የእናቷን ቀሚስ ሁለት ጊዜ መርፌ ይዛ ማጥበቧንም አስታወሰች። ሁለቱንም ጊዜ "በሽታው ነው" ብላ ክሩን በጥርሷ በጥሳለች።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው፣ በውሻው ላይ። በሰባት ሳምንት ውስጥ ስንቴ ሌሊት እየተነሳች ሆዱን በቀዝቃዛ ውኃ አጥባለች። ሁለተኛው ንዴት በእናቷ ላይ ነበር፤ ሦስተኛው በራሷ ላይ መጣና ሁለቱን ዋጣቸው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ሻምበል ደግሞ በበላበት ነበር ሲተኛ የከረመው፣ ከእናቷ አልጋ ሥር ሳይነሳ፣ እሷም ፍቅር ነው ብላ አንጀቷ ሲበላ። ለሰው ቤት ሌባ ስታሳይ የኖረች ሴት!

ገባች። ሻምበል ጭራውን እግሩ መሐል ከተተ። እናትየዋ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ፤ አልደረሱበትም።

"ቁልፍ ረስተሽ ነው?"

"አልረሳሁም።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ከመቼ ጀምሮ ነው እማ?"

"ምኑ?"

"እማ።"

እናትየዋ ብርድ ልብሱን አስተካከሉ። አንዱን ጫፍ፣ ከዚያ ሌላውን። "ሦስት ወር ቢሆነው ነው። መጀመሪያ የተረፈኝን ነበር። ኋላ ኋላ መትረፍ የሌለበትም ተረፈ። ጠዋትና ማታ ግን ወተቱን እያየሽኝ እጠጣለሁ፤ እሱ ውሸት አይደለም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሌላ ትሠሪያለሽ። እሱን እምቢ ስል ሌላ ትሠሪያለሽ። አንቺ እዚያ ምድጃ ፊት ቆመሽ ስትደክሚ እኔ እዚህ ተኝቼ ሽታው ያቅለሸልሸኛል። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ያየሽ ቀን ግን እያንጎራጎርሽ ነው ዕቃ የምታጥቢው። ይሰማኛል እኮ።"

ልጅየዋ ማንጎራጎሯን አታውቅም ነበር።

"ታዲያ አሁን በምን ነቃሽብኝ?"

"በሻምበል። የሚያሳክከው ዶሮ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ዶሮ እንዳይደርስበት ብዬ ዓሣ ስቀቅልለት፣ አንቺ ከዚህ ታጎርሺዋለሽ።"

እናትየዋ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። ውሻውን አዩት፣ ሆዱን፣ የተላጨ የመሰለ ብብቱን። "እኔ ነኝ?" አሉ። "ይኼን ሁሉ ቀን ሲያክክ የሚያድረው በእኔ ነው?"

"በዶሮው ነው።"

"ዶሮውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።" አለቀሱ። ሐኪሙ አይድንም ሲላቸው ያላለቀሱ ሴት ለውሻው አለቀሱለት፣ እጃቸው ራሱ ላይ ሆኖ። ከዚያ በዚያው እንባቸው መሐል ሳቅ መጣባቸው። "ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ነበር የማውቀው። የእኔን ሆድ ውሻ አወጣው።"

ልጅየዋ ልትስቅ አልቻለችም። "ማታ ጋሼ ይደውላል" አለች።

ሳቁ ቆመ።

"ልነግረው ነው እማ። ምን አድርጊ ትይኛለሽ? ሳላውቅ ስዋሽ ሌላ ነበር፤ አሁን አይቻለሁ።"

"ንገሪው። ይመጣል። ከዚህ እስከዚያ በመኪና ይወስደኛል፣ ያንን ነገር በአፍንጫዬ ይሰዱታል፣ እነቅለዋለሁ፣ ያስሩኛል።" እናትየዋ የግራ እጃቸውን አንጓ በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። የሚያደርጉትን አላወቁትም። "ማን እንደሚያስረኝ እንጃ። የባለፈው ጊዜ አንቺ ነበርሽ፤ ልል አድርገሽ አሰርሽልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ።"

"ካልበላሽ እኮ ትሞቻለሽ።"

"እሱንማ ነገሩን እኮ፣ ሁላችንም ተቀምጠን። አሁን አዲስ ምን መጣ?"

አዲስ የመጣው እሷ ማወቋ ነው። ብትናገር እናቷን በገዛ እጇ ታስራለች፤ ዝም ብትል በገዛ እጇ ታስርባለች። ከዚህ ክፍል በር አንድ ነው፤ በዚያ በር በየትኛውም እግሯ ብትወጣ ያው ጥፋተኛ ሆና ነው የምትወጣው። እናቷንም፣ ወንድሟንም፣ ያንን ደግ ሐኪም ሳይቀር ጠላቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች።

"አሥር ማንኪያ" አለች በመጨረሻ። "ፊቴ ላይ። እያየሁሽ።"

"ሁለት።"

"እማ፣ ገበያ አይደለም። ስምንት።"

"ዋጋ የጠራሽው አንቺ፣ ገበያ ያደረግሁት እኔ? ሦስት።"

"አምስት።"

"አራት። ከአራት ካለፈ ተመልሶ ይወጣል፤ ያን ደግሞ የምታጥቢው አንቺ ነሽ።"

"አራት" አለች ልጅየዋ። ስትሸጥ እንኳ እንዲህ በቀላሉ ዋጋ አትለቅም።

ከሰዓት በኋላ ወደ መደብሩ ተመለሰች። ለአንድ ሰው የዶሮ መኖ መዘነች፣ ለአንዲት ሴት የድመት ምግብ ጀርባ አነበበች። ባለቤቱ ከጓዳ አንድ አዲስ ከረጢት ተሸክመው መጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት።

"ለዚያ ለሻምበልሽ" አሉ። ከቤተሰቧ ውጭ የሻምበልን ነገር የነገረችው ለእሳቸው ብቻ ነው። "የፈረስ ሥጋ ነው ይላሉ። ዓሣው ካልሆነለት ምናልባት የመረጥሽው ምግብ ይሆናል ስህተቱ።"

ከረጢቱን አገላበጠችው፤ በእርግጥ የዶሮ ስብ የለበትም። "ምርጫዬ ልክ ነበር አለቃ" አለች።

"እንዴት አወቅሽ? ተሻለው?"

"ይሻለዋል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪበቃቸው ድረስ ታስረዳቸው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ልክ ሆና እንደነበር የምትነግረው ሰው የለም፤ ልክነቷን የሚያስረዳው ነገር ራሱ የማይነገር ነውና። ባለቤቱ ቅር ብሏቸው ከረጢቱን ተሸክመው ተመለሱ።

ስልኩ ሁሌም እንደሚጠራው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጠራ። ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች፤ የእናቷ ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

"እሺ፣ እንዴት ዋላችሁ?" አለ ወንድሟ። ከኋላው የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ። "እማዬ እንዴት ናት? ምሳ በላች?"

ከበሩ ማዶ የአልጋው ሽቦ ሲጮህ የነበረው ጸጥ አለ። እናቷ እየሰሙ ነው።

"ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማሃለሁ ጋሼ።"

"በላች ወይ?"

"በላች" አለች።

"ሁሉንም?"

"ሳህኑ ባዶ ነው።"

"ጎበዝ እማዬ። እኔ እኮ ብዙዎች እንዲህ ዓይነት በሽታ ይዟቸው እህል እንደማይነኩ ስሰማ፣ የእኛ እናት ብረት ናት እላለሁ። አንቺም ጎበዝ፣ እጅሽ ያጎርሳል። ውሻውስ? አሁንም ያክካል?"

"እየተሻለው ነው።"

"ካልሆነ ለአንዱ ገበሬ ስጪው ብዬሻለሁ። ሰው ማስታመም አንሶሽ ውሻ ታስታምሚያለሽ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። በይ፣ ሳሚያት።"

ስልኩ ተዘጋ። ሦስት ወር ሙሉ ሳታውቅ ስትዋሽ ከርማለች፤ ዛሬ አውቃ ዋሸች። አፏ ግን ልዩነቱን አላወቀውም፤ ቃሉ እንደወትሮው ተንሸራቶ ነው የወጣው። ከእንግዲህ በየማታው ይደውላል፤ በየማታው እንዲህ ትላለች፤ አንድ ማታ ደግሞ የምትለው ሌላ ነገር ይሆናል፣ ያኔ ወንድሟ "ስትበላ አልነበር እንዴ?" ይላታል። ያንን ጥያቄ ከአሁኑ ሰማችው።

ለነገ ብላ ያወጣችው ዶሮ በገንዳው ውስጥ በረዶው እየቀለጠ ነበር። በፌስታል አድርጋ ወጣችና የጎረቤቷን በር አንኳኳች።

"ምን ተገኘ?" አለች ጎረቤቷ።

"ለእኛ በዝቶብን ነው" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ እኛ ቤት ዶሮ አይገባም። ውሻውን አይስማማውም።"

"ለውሻ ብላችሁ እናንተም?"

"እንግዲህ ምን ይደረግ፣ አንድ ድስት ይሻላል።"

ተመልሳ ድንቹን ላጠች፣ ከወትሮው እጥፍ። ሲበስል ዓሣውን ጨመረችበት፤ ትንሽ ካንተከተከችው በኋላ አውጥታ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀመች፣ ሁሉንም አንድ ላይ በሹካ አደቀቀችው። የጨው ዕቃውን አነሳች። ለውሻ ጨው አይደረግም፤ እናቷ ደግሞ ጨው የሌለውን ነገር ከነአካቴው አይቀምሱትም። ከመደርደሪያው ትንሿን ሳህን አውርዳ ከድስቱ በማንኪያ ትቀንስላቸው ጀመር። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስተኛውን ቀድታ ከሳህኗ በላይ ያዘችው። እናቷ ከክፍላቸው ሆነው ለሻምበል አንድ ነገር ያወሩታል፤ ቃሉ አይለይም፣ ድምፃቸው ግን ከሰነበተበት ቀለል ብሏል።

አምስተኛውን ማንኪያ ወደ ድስቱ መለሰችው። በአራቱ ላይ ብቻ ጨው ነሰነሰች፤ የቀረውን ያለ ጨው በትልቁ ሳህን ገልብጣ፣ ሁለቱንም ይዛ ገባች።